እጁን የጎተተው ማነው?

አባቴ ሽኩር ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ሲዘጋ አንድ እፍኝ የወይራ ቀንበጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለጁምዓ የሚሆነውን መፋቂያ ይቀርጻል። መጀመሪያ ጉጡን ያነሳል፤ ቀጥሎ ልጣጩን ከጫፉ ላይ ብቻ ይልጠዋል፤ በመጨረሻ ጫፉን አኝኮ ያፍታታዋል። ቅደም ተከተሉን አሳስቶ አያውቅም። የሦስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ጀላል ጉልበቱ መሃል ቆሞ የሚወድቀውን ልጣጭ ይለቅማል።

«ለኔ!» አለ አንድ ሐሙስ።

«ላንተማ መጀመሪያ!» አባቴ ከሁሉም ቀጭኑን መርጦ አንዲት አጭር መፋቂያ ሠራለት። ጀላል ከአባቴ መፋቂያ ጎን አስተኝቶ ለካትና ወረወራት።

«እንዳንተ!»

«እንደኔ ረጅም?»

«እንዳንተ!» እግሩን መሬት ላይ መታ። አባቴ ሳቀና ረዘም ያለ ሌላ ቀረጸለት።

እናቴ ራህማ ከጓዳ ብቅ አለች። «ሽኩር፣ ለዚህ ልጅ እንጨት አትስጠው አላልኩህም? አፉ ላይ ሰክቶ ሲሮጥ ይውላል። ወድቆ ዓይኑን ሲወጋ ታያለህ!»

«ሱና ነው ራህማ። አሁን ካልለመደው መቼ ሊለምደው ነው?»

«ጥርስ ሲያወጣ!»

«ሃያ ጥርስ አለው» አልኩ እኔ። ቆጥሬያቸው ነበር።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች እናቴ። አባቴ ግን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «በይ እንግዲህ! ቆጣሪዋ አልፊያ መሰከረች።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቆጣሪዋ ሲለኝ ደረቴ ይነፋል። የጀላልን ጥርስ፣ የዶሮዎቻችንን እንቁላል፣ በመንገዱ የሚያልፈውን አህያ ሁሉ እቆጥራለሁ። አንድን ነገር በዓይኔ አይቼ ሳልጨምር ሳልቀንስ ከተናገርኩ፣ እውነቱ ሙሉ በሙሉ በእጄ የገባ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ከፍ ብሎ ነበር። ጎረቤታችን አጠና ነጋዴ ስለሆነ የባሕር ዛፍ እንጨቶቹን ከአጥራችን ጋር አስደግፎ ይከምራቸዋል። ክምሩ ጫፍ ላይ ስወጣ ግቢያችንም፣ መንገዱም፣ ከመስጊድ የሚመለሰው ሰውም ከሥሬ ይሆናሉ። እናቴ ሁልጊዜ «ውረጂ!» ትለኛለች፤ ዘይቱና ግን አታሳብቅብኝም።

ዘይቱና የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ እህት ነበረች። አሥራ አራት ቢሆናት ነው። ከቡታጅራ ወዲያ ካለው የእናቴ አገር ያመጣናት ጠዋት ጠዋት ከኔ ጋር አስኳላ እንድትማር፣ ከሰዓት ጀላልን እንድትይዝ ነበር። አያቴ እሷን ለመልቀቅ ብዙ ተለምነዋል፤ እዚያ ለትዳር የጠየቃት፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ነበር። እናቴ ስትቆጣ «ጥፋት ታጥፊና በመጣሽበት አውቶቡስ እመልስሻለሁ!» ትላታለች። አውቶቡሱ መጨረሻ ላይ ያ ሰውዬ እንደቆመ ሁላችንም እናውቃለን።

ዘይቱና ጉልበተኛ ነበረች። ሁለት ባልዲ ውሃ ከቦኖው ሳታርፍ ታመጣለች። ጀላልን በሁለት እጁ ይዛ ክብ ታዞረዋለች፤ እግሮቹ ከመሬት ተነስተው ሲበሩ በሳቅ ይፈነዳል። «ጢያራ!» ይላል፣ «ደግሞ ጢያራ!» እናቴ ባየች ቁጥር ትጮህባታለች፦ «እጁን ትገነጥይዋለሽ አንቺ ልጅ!»

ከዚያ ሐሙስ በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ጀላል አዲሱን መፋቂያ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ላይ እንደሰካው ዋለ። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር። ከሰዓት ዘይቱና ባኞው አጠገብ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥባለች፤ የሳሙናው ውሃ በግቢው ቁልቁል ወደ በሩ ይወርዳል። እኔ ክምሩ ላይ ነበርኩ። ነጭ የለበሱት ሰዎች ከመስጊድ ወደ ሽቅብ ሲመጡ አባቴን በአረማመዱ ለየሁትና «አባባ መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ጀላል ወደ በሩ ሮጠ። ጀርባው ለኔ ነበር። የሳሙናው ውሃ ያረጠበው ቦታ ላይ እግሩ ሸርተት አለና በፊቱ ተደፋ። ለትንሽ ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ እንደ ጥጃ ጮኸ።

ዘይቱና ዘላ ደረሰች። አንዱ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነበር፤ በሌላው እጇ የልጁን ቀኝ እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። አንጠልጥላ። አየሁት። እግሮቹ አየር ላይ ሲወራጩ አየሁ። ከንፈሩ ላይ ደም ከምራቅ ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። አፉን በውሃ አጠበችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ከጭቃው ውስጥ አንድ ነገር አንስታ በጉያዋ ከተተች። እዚህ ላይ አባቴ በሩ ላይ ደረሰ።

የተነጋገሩትን ሁሉ አልሰማሁም። ዘይቱና ያነሳችውን ነገር ሰጠችው፤ አንገቷን ደፍታ ታወራለች፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ የጀላልን አፍ ያያል። ጀላል ማልቀሱን ትቶ የአባቴን ጃኬት ቁልፍ ይጎትታል። ከዚያ አባቴ እጁን ዘይቱና ራስ ላይ አድርጎ እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ «ምላሱን ነክሶ ነው በያት። ይኸው ደህና ነው። ሌላ ነገር አትጨምሪ።»

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ዘይቱና ልጁን አላስተዋለችም፣ አባቴ ግን ደግ ስለሆነ ከእናቴ ቁጣ ሊያድናት ነው። ክምሩ ላይ ሆኜ አባቴን ወደድኩት።

ማታ ጀላል ወጡ አቃጠለኝ ብሎ ተነጫነጨ፤ እናቴ ወተት ሰጠችው። «ምላሱን ነክሶ ነው» አለቻት ዘይቱና። ጀላል ተጫወተ፣ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦና ሻይ ቀረበ። ጀላል ዳቦውን በግራ እጁ አነሳ።

«በቀኝህ!» አለች እናቴ።

ዝም ብሎ አያት። እንደገና በግራው ሊያነሳ ሲል ዳቦውን ቀማችው። «ቢስሚላህ በልና በቀኝህ ብላ! በግራ የሚበላው ማነው? ሸይጧን ነው!»

ጀላል በአንድ በኩል አፉን ከፈት አደረገ። ግማሽ ፊቱ ብቻ የሚስቅ መሰለ።

«ይስቅብኛል እንዴ ደግሞ!» ግራ እጁን በመዳፏ መታችው። እኔ ሳቅኩ፤ አስቂኝ ነበር የመሰለኝ። ዘይቱና ግን አልሳቀችም። ጀላል ከበርጩማው ላይ ወደ ቀኝ ጎኑ ዘመም፣ ዘመም አለና እጁን ሳይዘረጋ እንደ ጆንያ ወደቀ።

ያ ሳቅ አልነበረም። የፊቱ ቀኝ ጎን ሌሊቱን ሥራውን አቁሞ እንደነበር ያየነው በግራ ጎኑ ብቻ ማልቀስ ሲጀምር ነው። እናቴ ስለዚያች ምት በሕይወቷ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላወራችም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ማንም ማንንም በቀኝህ ብላ ብሎ አያውቅም። በእንግዳ ፊት እንኳ።

ቀኝ እጁ ሲያነሱት ይነሳል፣ ሲለቁት ይወድቃል። በኛ ሰፈር የልጅ እጅ ሲዝል የሚጠራው አንድ ሰው ነበር፤ ወጌሻው ጋሽ ወልደሰንበት። የሸዋ ሰው ናቸው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ የሁሉንም ቤት ልጅ ክንድ የመለሱ። የልጅ ክንድ ደግሞ ኮልፌ ውስጥ በየቀኑ ይወልቃል፦ እናት ከመንገድ ስትጎትት፣ ሞግዚት ስታንጠለጥል። ስለዚህ ጋሽ ወልደሰንበት ገና በሽተኛውን ሳይነኩ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር። ማን እንደጎተተና በየት በኩል እንደጎተተ ካወቁ ወደየት እንደሚመልሱት ያውቃሉ።

በርጩማ ቀረበላቸው። እጃቸውን በቅቤ አሹ። ሁላችንንም ዞረው አዩን።

«እሺ። እጁን የጎተተው ማነው?»

እናቴ «ኧረ ማንም አልጎተተውም ጋሽ ወልደሰንበት፣ ጠዋት እንዲህ ሆኖ ተነሳ» አለች።

«እጅ ዝም ብሎ አይዝልም ወይዘሮ ራህማ። የጎተተው አለ።»

የማውቀው ነገር ነበረኝ። ክምሩ ላይ ሆኜ ያየሁት፣ ያልጨመርኩበት፣ ያልቀነስኩበት። «ዘይቱና ናት!» አልኩ። «ትናንት ሲወድቅ በቀኝ እጁ አንጠልጥላ አነሳችው። በአንድ እጇ። እኔ አይቻለሁ።»

«ጎሽ» አሉ ወጌሻው። «ይቺ ዓይን ያላት ልጅ ናት።»

እናቴ ወደ እህቷ ዞረች። ዘይቱና ግን እናቴን አላየቻትም። በሩ ላይ የቆመውን አባቴን አየችው፤ አፏን ከፈት አድርጋ ጠበቀች። አባቴ የጫማውን ጫፍ ያያል። ምሕረት እየለመነችው መሰለኝ። እሱም ትናንት ያዳናትን ልጅ ዛሬ ማዳን ያቃተው፣ በሷ ያፈረ መሰለኝ።

«ዘይቱና» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ፣ «አንስተሽዋል?»

«አንስቼዋለሁ።»

«በአንድ እጁ?»

ዘይቱና አሁንም አባቴን አየች። «አዎ» አለች።

ጋሽ ወልደሰንበት የጀላልን ትከሻ ይዘው ጠመዘዙ። ልጁ አልጮኸም። «ገብቷል» አሉ፣ በጨርቅ አሰሩለት። ግን ከሰዓት ሊያቆሙት ሲሞክሩ እግሩም እንደ እጁ ሆነ። አፉ ወደ ግራ ተጎተተ፤ «እማ» የምትለው ቃል እንኳ ጠፋችበት። ወጌሻው ተመልሰው መጥተው ለረጅም ጊዜ አዩትና ቅቤውን ከእጃቸው ጠረጉ። «ይሄ የኔ አይደለም። ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

ሆስፒታሉ ውስጥ እኔን በር ላይ አስቀመጡኝ፤ በመስታወቱ በኩል አያለሁ። ሐኪሙ ረጅም ፈረንጅ ነበር። የታመመው እጅና እግር ሆኖ ሳለ እሱ መብራት ይዞ የሚያየው የጀላልን አፍ ነው። ሞኝ ሐኪም ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ የገዛ አፉን ከፈተ፣ ጣቱን ወደ ጉሮሮው ቀሰረ፣ በሁለት ጣቱ የአንገቱን ጎን ነካ። አጠገቡ የቆመው፣ ድሬሰር የሚሉት ረዳቱ፣ ወደ አማርኛ ይመልስለታል። እናቴ አባቴን ታየዋለች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ የለም። ፈረንጁ እንደገና ጠየቀ። አባቴ እንደገና ነቀነቀ። ጀላል ጥሩ ይበላ እንደሆነ የሚጠይቀው መሰለኝ፤ እንደሚበላማ እኔ ልነግረው እችል ነበር።

ሲወጡ አባቴ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። «ደም ሥሩ ነው ይላል። የአንገቱ።»

«ሲጎተት ተበጥሶ ነዋ!» አለች እናቴ። «ያ አላህ! ያቺ ልጅ ደም ሥሩን በጠሰችው!»

አባቴ አልተናገረም። በዚህ ዓይነት የሐኪሙ ቃልም ከወጌሻው ቃል ጋር ተሰፋ። ለቅሶ ቤትም፣ ቦኖም፣ ሱቅም ይህንኑ አወራ፦ ራህማ ያመጣቻት እህቷ ልጁን በጥሳ ሽባ አደረገችው።

ዘይቱና ጨርቋን በነጠላ ቋጥራ በር ላይ የቆመች ቀን እኔም ወጥቼ ነበር። አባቴ አውቶቡስ ተራ ሊያደርሳት ጃኬቱን ይቆልፋል። ጀላልን ልትስመው እጇን ስትዘረጋ እናቴ ልጁን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ዘይቱና እጆቿን ወዴት እንደምታደርጋቸው ጠፋትና ከቋጠሮው ሥር ደበቀቻቸው። ወደኔ ዞራ «አስኳላሽን በርቺ አልፊያ» አለችኝ። አልመለስኩላትም። አጥፊ ተቀጣ፤ ነገሩ ልክ ነበር። ማታ አብረን የምንተኛበት ፍራሽ ለኔ ብቻ ሰፊ ሆነና ደስ አለኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጥርሱን በጣቱና በጨው ነበር የሚፍቀው። ስጠይቀው «ድዴን ያደማኛል» አለኝ። አመንኩት።

ጀላል ቀስ በቀስ ተነሳ። ልጅ ነውና አንጎሉ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ቃሉ ተመለሰ፣ እግሩም እያነከሰ ተራመደ። እጁ ግን ተጠቅልሎ ቀረ። ዛሬ የአባቴን ሱቅ የሚይዘው እሱ ነው፤ ስኳሩን በግራው ይመዝናል፣ በግራው ይበላል።

ዘይቱና ለዚያ ሰውዬ ተሰጠች። ወሬው ከሷ ቀድሞ አገር ቤት ደርሶ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ አማቷ ሕፃኑን ከእጇ እየነጠቁ «አንቺ ጡት ብቻ ስጪ» ይሏት እንደነበር የሰማሁት በወሬ ነው፤ የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ባሏ ሲሞት ልጆቿን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰችና ቆይታ ቤቴል አካባቢ ቤት ሠራች። በለቅሶና በሠርግ እንገናኛለን። እናቴ በሕይወት ሳለች ትስማት ነበር፤ ግን ሕፃን ካለ ከመሃላቸው ሕፃኑን ዞር ታደርገው ነበር። እኔም የበኩር ልጄን ስወልድ ዘይቱና ገንፎ ይዛ መጥታ ነበር። እጇን ዘረጋች። «ተኝቷል» አልኳት። አልተኛም ነበር። ዓይኑን አፍጥጦ ጣራውን ያያል። ዘይቱናም አይታዋለች። እጇን መለሰችና የገንፎውን ዕቃ ክዳን አስተካከለች።

እኔ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ ነው የሠራሁት። ሥራዬ ማየት ነው፤ የታዘዘውን ቦታ ማንሳት፣ ጥላውን ከጥላው መለየት፣ ያላየሁትን አለመጨመር። እናቴ በሞተች ዓመት አንዲት ሕፃን አመጡልን፤ አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። እናቷ «ትናንት እርሳስ አፏ ውስጥ ይዛ ወደቀች፤ ትንሽ ደማች እንጂ ምንም አልሆነችም ነበር፤ ማታ ተጫውታለች፣ በልታለች» እያለች ታለቅሳለች። ሐኪሙ ግን የሕፃኗን ክንድ ትቶ አንገቷን አንሺልኝ አለኝ።

«ለምን አንገቷን?» አልኩት።

የነገረኝ ቀላል ነው። ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ከቶንሲል ጀርባ፣ ከሥጋው ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። ልጅ እንጨት አፉ ውስጥ እንደያዘ ሲወድቅ ጫፉ ያንን ደም ሥር ይደቁሰዋል። ከውጭ ብዙ አይታይም። ከውስጥ ግን የደም ሥሩ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል እስኪሄድ ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

ፊልሙን ሠርቼ ሰጠሁት። ከሥራ ስወጣ ግን ፌርማታው ላይ አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ አየሁት እንጂ አልተሳፈርኩም። ዓርቡን እንደገና አየሁት፦ የጀላል ጀርባ፣ የሳሙናው ውሃ፣ ከጭቃ የተነሳው ነገር። ጀርባውን ነበር ያየሁት። አፉን አላየሁም። ያላየሁት ነገር እንዳለ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

አባቴ በዚያን ጊዜ አርጅቶ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል። ጀላል ውስጥ ሆኖ ከደንበኛ ጋር ይቀልዳል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ፈረንጁ ሐኪም ያኔ ምን ነበር የጠየቀህ?»

የትኛው ፈረንጅ አላለኝም። ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አፉ ውስጥ እንጨት ይዞ ወድቋል ወይ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«አልወደቀም አልኩ።»

«ለምን?»

«እናትሽ አጠገቤ ነበረቻ።» ወደ ሱቁ ውስጥ፣ ወደ ጀላል ተመለከተ። «ሐሙስ ዕለት አትስጠው ብላኛለች። ዘይቱና መፋቂያውን ስታመጣልኝ ጫፉ ቀይ ነበር። ልጁ ደህና ነው፣ ለምን ቤት ውስጥ ጠብ አነሳለሁ ብዬ ነው። ጠብ ሸሽቼ። በማግስቱ ያ ሁሉ ሲመጣ መመለሻው ጠፋኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል አውቶቡስ ተራ ደረስን። እዚያም አልኩ፣ አውቶቡሱ ሳይወጣ እመልሳታለሁ። ወጣ።»

«ዘይቱና ምን አለችህ?»

«ምንም። እጄን ስማኝ ተሳፈረች።»

ከውስጥ ጀላል «አባባ፣ ሻይ ላምጣልህ?» ሲል ተጣራ።

ሐኪሙን እውነቱን ነግሮት ቢሆንስ ብዬ በኋላ አስቤበታለሁ። በዚያ ዘመን ብዙ የሚያደርግለት ነገር አልነበረም። የጀላል እጅ አይድንም ነበር። ዘይቱና ግን ትድን ነበር።

«እንሂድ ቤቷ» አልኩት። «አብረን።»

«አንቺ ሂጂ። ፊቷን የማይበት ዓይን የለኝም።»

«እኔስ ያለኝ መሰለህ?»

ለጀላል በዚያው ቀን፣ ሱቁ ውስጥ፣ አባታችን እየሰማ ነገርኩት። ጀላል የስኳሩን ማንኪያ ጆንያው ላይ ሰካ። ከዚያ ሻይ ቀድቶ ለአባቴ ወሰደለት። አጠገቡ አስቀመጠለትና ተመለሰ። «ሂጂ ንገሪያት» አለኝ። «እኔ ሠርግ ላይ ባየኋት ቁጥር ይቺን እጅ ኪሴ ነው የምከታት። እንድታያት አልፈልግም። እንድታፍር ደግሞ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም።»

ቤቴል ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ የዘይቱና ልጅ ነስራ ነበረች። ለጥቂት ቀን ከልጇ ጋር እናቷ ዘንድ የመጣች። ልጇ አሁን መዳህ ጀምሯል፤ ምንጣፉ ላይ ወደ ዘይቱና ሲድህ ነስራ ፈጠን ብላ «ተይው እማ፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለችና ወስዳ በጀርባዋ አዘለችው። ዘይቱና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ይህን ብዙ ጊዜ እንዳደረጉት ያስታውቃል፤ ማናቸውም አልተቆጡም።

ነስራ ወደ ጓዳ ስትገባ የመጣሁበትን በአጭሩ ተናገርኩ። ሐኪሙ ያለኝን፣ አባቴ ያለኝን።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች ዘይቱና። «ከአፉ የወደቀውን መፋቂያ ከጭቃ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም?»

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?»

«ተናግሬያለሁ እኮ! ለአባትሽ ተናግሬያለሁ። እሱ ሲናገር ልጠብቅ ነው ያልኩት። የሚያበላኝ ሰው ነው፣ ቀድሜው ልናገር?» ሳቅ ቢጤ አመለጣት። «ደግሞ አንቺ ነበርሽ። ያልሽው ውሸት ቢሆን ውሸታም እልሽ ነበር። ግን አንስቼዋለሁ። በዚያ እጁ። ብዙ ዘመን እኮ እኔም አምኜው ነበር፤ ምናልባት መፋቂያው አይደለም፣ እኔ ነኝ እያልኩ። ልጆቼን በሁለት እጅ ነው ያሳደግኩት፤ ወጥ እያማሰልኩ እንኳ ካለቀሱ መጀመሪያ ማማሰያውን አስቀምጣለሁ።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ስምንት ዓመትሽ ነበር።» ከዚያ አየችኝ። «ገንፎ ይዤ የመጣሁ ቀን ግን ስምንት ዓመትሽ አልነበረም።»

የነጠላዬን ጫፍ በጣቴ ጠቀለልኩ።

«ይቅርታሽን ተይው» አለች። «ወሬውን ለሚያስፈልገው ውሰጂልኝ። እዚያ ጓዳ ናት። ሕፃን ሳለች አማቴ ናቸው የያዟት፤ ከእሳቸው የሰማችውን ሰምታለች። እኔ ብነግራት ራሷን ልታነጻ ነው ትላለች። ያየሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ነስራ ሻይ ይዛ ገባች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋው ተቀመጠች። ነገርኳት። ክምሩ ላይ ከወጣሁበት ጀምሬ ነገርኳት፦ ያየሁትን፣ ያላየሁትን፣ አየሁ ብዬ የመሰከርኩትን። የእናቷ እጅ ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ ለየሁላት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስጨርስ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ነስራ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ልጁ እቅፏ ውስጥ ይወራጫል፤ መውረድ ፈልጓል። ለትንሽ ጊዜ አጥብቃ ይዛው ቆየች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ እናቷ እግር አጠገብ አስቀመጠችው።

«ሻዩን ላሙቀው» አለች። ትሪውን አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ትዞራለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዞረችም።

ልጁ የዘይቱናን ቀሚስ ይዞ ሊቆም ሞከረ፣ ወደቀ፣ እንደገና ሞከረ። ዘይቱና አላነሳችውም። ወደ ጓዳው በር ታያለች። ልጁ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ጎንበስ አለች፤ ከብብቱ ሥር በሁለት እጇ ያዘችው፤ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ወደ ደረቷ አነሳችው።

ከጓዳ «ተይው እማ» የሚል ድምፅ አልመጣም።